አረጋውያንና የቫይታሚን ክኒን፦ ጥቅሙ ሲለካ

ከባሕር ማዶ ዘመድ በመጣ ቁጥር ከሻንጣው ከማይታጡት ዕቃዎች አንዱ በትልቅ የፕላስቲክ ብልቃጥ የታሸገ የቫይታሚን ክኒን ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለአክስት፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ጭምር ይታደላል። በብልቃጡ ላይ ክኒኑ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ መሆኑ ተጽፎ ይገኛል፤ ከሃያ የማያንሱ ቫይታሚኖችና ማዕድናትም ከነመጠናቸው ተዘርዝረዋል። ላኪው ልጅ ከሩቅ ሆኖ ወላጆቹን የሚጦርበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ተቀባዮቹም ልጃቸው የላከላቸውን ነገር በየማለዳው ከቁርስ ጋር በደስታ ይውጣሉ።

ይህ ክኒን በእርግጥ ይጠቅማቸዋልን? ጥያቄው ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባይጠቅም አይጎዳም» የሚል ነው። ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር በውስጧ ሁለት አባባሎችን ይዛለች፤ አንደኛው ስለ ጥቅም፣ ሁለተኛው ስለ ጉዳት። ሁለቱም በሙከራ ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው፤ ተፈትነዋልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም ባለመሆኑ ማንም ሰው ምን ይዋጥ ምን ይተው ብሎ አያዝም። ይሁን እንጂ ጥያቄው በመሠረቱ የልኬት ጥያቄ ነው፤ አነስተኛ ውጤትን ከብዙ ሁካታ መሐል ለይቶ ማውጣት ደግሞ በቤተ ሙከራ ውስጥ ለዋለ ሰው ሁሉ የታወቀ ችግር ነው።

ከጉድለት በሽታ እስከ ክኒን

ቫይታሚኖች ሰውነታችን በጣም በጥቂቱ የሚፈልጋቸው፣ ነገር ግን ራሱ ሊሠራቸው የማይችል ወይም በበቂ መጠን የማይሠራቸው ውሁዶች ናቸው። ብዛታቸው 13 ነው። የተገኙትም በጉድለታቸው አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ስኮትላንዳዊው የባሕር ኃይል ሐኪም ጄምስ ሊንድ፣ ሳልስበሪ በምትባል መርከብ ላይ በስከርቪ የታመሙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ቡድን ከፈለና ለየቡድኑ የተለያየ ነገር እንዲሰጥ አደረገ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለት መርከበኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይተው ተሻላቸው። ዛሬ ምክንያቱ ቫይታሚን ሲ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሊንድ ግን ይህን ሳያውቅ ነበር ያወዳደረው። «ቫይታሚን» ለሚለው ስያሜ መነሻ የሆነውን ቃል በፖላንድ የተወለደው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ካሲሚር ፈንክ ያወጣው ከዚህ 165 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ስከርቪ የያዘውን ሰው ብርቱካን ካዳነው ጤነኛውን ሰው ብዙ ብርቱካን የበለጠ ጤነኛ ያደርገዋል ማለት አለመሆኑ ነው። ጋዝ ያለቀበት ኩራዝ ጋዝ ሲጨመርለት ይበራል፤ ሆዱ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው ጋዝ ግን ብርሃኑን አያደምቀውም፤ ይልቁንም ፈስሶ ጠረጴዛውን ያበላሻል። በአንድ ዘንግ ላይ የቫይታሚኑን መጠን፣ በሌላው ላይ የጤናውን ሁኔታ አድርገን ግራፍ ብንስል፣ መስመሩ መጀመሪያ በፍጥነት ይወጣል፣ ቀጥሎ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ለብዙዎቹ ቫይታሚኖች ደግሞ ከአንድ ወሰን በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ክኒን ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ጥያቄ፣ ሰውየው በግራፉ ላይ የትኛው ቦታ ላይ ቆሟል ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊመለስ አይችልም። ይህን ነጥብ ታላላቅ ሳይንቲስቶችም ስተውታል። እ.ኤ.አ. በ1954 በኬሚስትሪ፣ በ1962 ደግሞ በሰላም የኖቤል ሽልማት ያገኘው ላይነስ ፖሊንግ የኋለኛ ዕድሜውን ያሳለፈው ቫይታሚን ሲን እጅግ በበዛ መጠን መውሰድን ሲሰብክ ነው። የኬሚካዊ ትስስርን ምሥጢር የፈታ አእምሮ እንኳ በዚህ ጉዳይ ላይ የሙከራ ማስረጃ አላገዘውም።

የቤታ ካሮቲን ትምህርት

ቤታ ካሮቲን ካሮትን ብርቱካናማ መልክ የሚሰጠው ውሁድ ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ፣ በደማቸውም ውስጥ ብዙ ቤታ ካሮቲን የተገኘባቸው ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት በአነስተኛ ቁጥር መሆኑን አሳይተው ነበር። መላ ምቱም አሳማኝ ነበር፦ ቤታ ካሮቲን ጎጂ የሆኑ ነፃ ራዲካሎችን ያመክናል፤ ነፃ ራዲካሎች ዲኤንኤን ይጎዳሉ፤ የተጎዳ ዲኤንኤ ካንሰር ያስከትላል፤ ስለዚህ ቤታ ካሮቲን ካንሰርን ይከላከላል። ሰንሰለቱ ሲታይ አንድም የላላ ቀለበት ያለው አይመስልም።

በፊንላንድ አገር ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ዓመት የሆነ 29,133 ወንድ አጫሾች በዕጣ ተመደቡ። ከፊሎቹ በየቀኑ 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን፣ ከፊሎቹ ቫይታሚን ኢ፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም፣ የቀሩት ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ ክኒን ከ5 እስከ 8 ዓመታት ወሰዱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት በ18 በመቶ ይበልጡ ነበር። በልጠው እንጂ አንሰው አልነበረም። ብዙዎች ይህ የዕድል ነገር ይሆናል ብለው ገምተው ነበር። በአሜሪካ 18,314 አጫሾችን፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችንና አስቤስቶስ የነካቸውን ሠራተኞች ይዞ የተካሄደው ሁለተኛ ሙከራ ግን የሳንባ ካንሰሩ በ28 በመቶ፣ ጠቅላላው የሞት መጠን ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ማለቱ በመታየቱ ጊዜው ሳይደርስ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1996 እንዲቋረጥ ተደረገ።

ታዲያ የቀደሙት ጥናቶች እንዴት ተሳሳቱ? ቁጥራቸውን አልተሳሳቱም። አትክልት የሚያዘወትር ሰው በአማካይ ብዙም አያጨስም፣ ይንቀሳቀሳል፣ የተሻለ ገቢ አለው፣ ሐኪም ዘንድም ይሄዳል። በደሙ ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን የእነዚህ ሁሉ ነገሮች ምልክት ነው። የሙቀት መለኪያው ቁጥር ከፍ ሲል ክፍሉ ሞቋል ማለት ነው፤ የመለኪያውን ብልቃጥ በክብሪት ማሞቅ ግን ክፍሉን አያሞቀውም። በዕጣ መመደብ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕጣው አጫሹንም፣ ሀብታሙንም፣ ጥንቁቁንም፣ ግዴለሹንም በሁለቱም ወገን በእኩል ስለሚበትን፣ በመጨረሻ የቀረው ልዩነት የክኒኑ ሥራ ብቻ ይሆናል። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሌሎች ተለዋዋጮችን ቋሚ አድርገን አንዱን ብቻ እንለውጣለን፤ በሰው ላይ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ዕጣ ምትክ ሆኖ ያገለግላል። ተማሪዎች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ቢሆን ይህን ቢይዙ አቅራቢው ይመርጣል።

በተመሳሳይ ሁኔታ፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ የታሰበው ቫይታሚን ኢ 35,533 ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ ሲፈተን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ውጤት በሽታውን በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኝቷል። «ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው አባባል ሁለተኛ ክፍል እንግዲህ በጠቅላላው እውነት አይደለም።

አጠቃላዩ ክኒን ሲመዘን

ከላይ የተጠቀሱት አንድ ቫይታሚን በከፍተኛ መጠን የተሰጠባቸው ናቸው። ከውጭ የሚላከው ክኒን ግን ብዙ ቫይታሚኖችን በመጠነኛ ልክ የያዘ ነው፤ እሱም ለብቻው ተፈትኗል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 14,641 ወንድ ሐኪሞች ከ11 ዓመታት በላይ ተከታትለው ክኒኑን ወይም ማስመሰያውን ወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው የልብና የደም ሥር በሽታ አልቀነሰም። ካንሰር ግን በ8 በመቶ ቀንሷል። ጋዜጦች የጻፉት ይህን 8 በመቶ ነው። እኛ ደግሞ ቁጥሩን ፈታ አድርገን እንየው። ክኒኑን ከወሰዱት 1,000 ሰዎች መካከል በዓመት 17.0፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 1,000 ሰዎች መካከል ደግሞ 18.3 በካንሰር ተይዘዋል። ልዩነቱ 1.3 ነው። 1,000ን ለ1.3 ስናካፍል ወደ 770 ይመጣል፤ ይኸውም አንድ የካንሰር ሕመም ለማስቀረት 770 ያህል ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ነበረባቸው ማለት ነው። ስሌቱ 8 በመቶውን ውሸት አያደርገውም፤ መጠኑን ያሳያል እንጂ። በሌላ በኩል ከ21,000 በላይ አረጋውያን ወንዶችና ሴቶች የተሳተፉበትና ኮስሞስ የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ የካንሰሩን መቀነስ አላረጋገጠም።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል 84 ጥናቶችን መርምሮ፣ የልብ በሽታንና ካንሰርን ለመከላከል ቤታ ካሮቲንም ሆነ ቫይታሚን ኢ እንዳይወሰድ መክሯል፤ ስለ አጠቃላዩ ክኒን ግን «ማስረጃው ለመወሰን አይበቃም» ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውና 390,124 ጤነኛ አሜሪካውያንን ከ20 ዓመታት በላይ የተከታተለ ጥናት ደግሞ ክኒኑን በየቀኑ የሚወስዱት ሰዎች ዕድሜያቸው አለመርዘሙን አሳይቷል። ይህኛው ግን በዕጣ የተመደበ ባለመሆኑ ከላይ የተነገረው ጥንቃቄ ለእሱም ይሠራል፤ ውጤቱ ደስ ስላሰኘን ወይም ስላላሰኘን ሚዛኑን መለወጥ አንችልም።

አንድ ያልተጠበቀ ውጤት ግን አለ። በኮስሞስ ሙከራ ውስጥ የማስታወስ ችሎታቸው የተፈተነ አረጋውያን ክኒኑን ሲወስዱ ከማስመሰያው ወሳጆች በትንሹ የተሻለ ነጥብ አግኝተዋል። ሦስት ንዑስ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ ልዩነቱ አእምሮ በሁለት ዓመት ዘግይቶ እንደ ማርጀት ያህል መሆኑን ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ከላይ በጠቀስናቸው ሐኪሞች ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ፈተና ግን ልዩነት አልታየም። ሐኪሞች በደንብ የሚመገቡ ሰዎች በመሆናቸው ይሆን? ምናልባት። አቅራቢው ይህን ውጤት የሚያየው፣ አዲስ ቅንጣት ተገኘ የሚል የመጀመሪያ ዜና ሲሰማ እንደሚያየው ነው፤ በሌላ ቤተ ሙከራ እስኪደገም ይጠብቃል።

ዕድሜ ራሱ የሚያመጣው ጉድለት፦ ቢ12

እስካሁን ያየነው በአብዛኛው በቂ ምግብ የሚያገኙ፣ በግራፉ ጠፍጣፋ ክፍል ላይ የቆሙ ሰዎችን ነው። አሁን ወደ ግራፉ መጀመሪያ እንሂድ። ሰው በቂ ምግብ እየበላ እንኳ በዕድሜው ምክንያት ብቻ ሊጎድልበት የሚችል ቫይታሚን አለ፤ እሱም ቢ12 ነው።

ቢ12ን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው። ተክሎች አይሠሩትም፤ የምናገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከዓሣ ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ በመጀመሪያ የጨጓራ አሲድና ኢንዛይም ከፕሮቲኑ ሊያላቅቁት ይገባል። ቀጥሎ ጨጓራ ከሚያመነጨው ልዩ አጓጓዥ ፕሮቲን ጋር ይያያዝና በትንሹ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ወደ ደም ይገባል። በዕድሜ የገፋ ሰው ጨጓራ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳል፣ አሲዱም ይቀንሳል። የአሜሪካ የሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ሰነድ ከአረጋውያን መካከል ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት በምግብ ውስጥ ያለውን ቢ12 በአግባቡ መምጠጥ ላይችሉ እንደሚችሉ ገምቶ፣ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ሰዎች አብዛኛውን ቢ12 ከበለጸገ ምግብ ወይም ከክኒን እንዲያገኙ መክሯል። በክኒን ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር ስላልተጣበቀ እሱን ለማላቀቅ አሲድ አያስፈልግም። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚንና ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ችግሩን ያባብሱታል፤ ሁለቱም በአገራችን አረጋውያን ዘንድ በሰፊው የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው።

ጉድለቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ጉበትን ጨምሮ በሰውነት ውስጥ ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም ቢ12 ይጠራቀማል፤ በየቀኑ የሚጠፋው የክምችቱ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ያህል ነው። የራዲዮአክቲቭ መበስበስን የተማረ ሰው ይህን ቀመር ያውቀዋል። ምንም አዲስ ቢ12 ባይገባ ክምችቱ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ 2.303 ለ0.001 ሲካፈል 2,303 ቀን፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በላይ ነው፤ በ0.2 በመቶ ሲሰላ ደግሞ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ይሆናል። ወጣት ጾመኛ በጾም ወራት በቢ12 ጉድለት የማይታመመው ስለዚህ ነው፤ በፍስክ የሚያገባው ለጾሙ ይበቃዋል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾሙ፣ በፍስኩም ቀን ጥርሳቸው ሥጋውን እምቢ ብሏቸው ወጥና እንጀራውን ብቻ የሚቀምሱ፣ ጨጓራቸውም የሳሳ አንዲት አዛውንት ግን ስሌታቸው ሌላ ነው። ክምችታቸው እየወረደ ይሄዳል፤ ማንም አያየውም።

ምልክቱ ሲመጣም እርጅናን ይመስላል። እጅና እግር ይደነዝዛል፣ መርፌ መርፌ ይላል፤ ሲራመዱ ሚዛን ይጠፋል፤ ይረሳሉ፤ ይደክማሉ። ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው እንግዲህ» ብሎ ይቀበላል። ከእርጅና ግን የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ይታከማል። ዘግይቶ ከሆነ የነርቭ ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ሌላም ወጥመድ አለበት፦ ብዙ ፎሊክ አሲድ የሚወስድ ሰው በቢ12 ጉድለት የመጣው የደም ማነስ ይስተካከልለትና የነርቩ ጉዳት ግን ተደብቆ ይቀጥላል።

አጓጓዡ ፕሮቲን ጭራሹን ለጠፋበት ሰው እንኳ ክኒን ሊሠራ መቻሉ አስገራሚ ነው። ከሚዋጠው መጠን 1 በመቶ ያህሉ ያለ አጓጓዥ፣ በስርጭት ብቻ ወደ ደም ያልፋል። ከ1,000 ማይክሮግራም 1 በመቶ 10 ማይክሮግራም ነው፤ የቀን ፍላጎቱ ደግሞ 2.4 ማይክሮግራም። ይበቃል ማለት ነው። በአንጻሩ በአጠቃላዩ ክኒን ውስጥ ያለው ጥቂት ማይክሮግራም ቢ12 ለእንዲህ ያለው ሰው አይበቃውም፤ ልጁ የላከው ብልቃጥ «ቢ12 አለበት» መባሉ ብቻ ጉድለቱን አያክመውም።

ፀሐይ፣ መስታወትና ጋቢ

ቫይታሚን ዲ ለፊዚክስ ሰው ከሁሉም የቀረበው ነው፤ የሚሠራው በፎቶን ነውና። በቆዳችን ውስጥ ያለ የኮሌስትሮል ዘመድ የሆነ ሞለኪውል ከፀሐይ የሚመጣ የአልትራቫዮሌት ፎቶን ሲያገኘው አንደኛው ቀለበቱ ይከፈትና ወደ ቅድመ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል፤ የሰውነት ሙቀት ደግሞ ቀሪውን ለውጥ ይፈጽማል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሞገድ ርዝመት ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ ነው። የ300 ናኖሜትር ፎቶን ጉልበት 1,240ን ለ300 በማካፈል 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሆኖ ይገኛል። የአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን ግን 2.3 ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀለበቱን አይከፍተውም፤ የቱንም ያህል ቢደምቅ። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ስለ ፎቶ ኤሌክትሪክ ክስተት ያስረዳው ሐሳብ በአያታችን ክንድ ላይም ይሠራል።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። የመስኮት መስታወት እነዚህን አጭር ሞገዶች ስለሚያስቀር፣ በመስታወት በኩል ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አያገኝም። ጋቢም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው የሰዓት ነገር ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጨረሯ በከባቢ አየርና በኦዞን ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ አጭሩ ሞገድ በመንገድ ይቀራል። ቀላሉ መለኪያ ጥላ ነው፦ ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ፀሐይ ከ45 ዲግሪ በላይ ናት፤ ያኔ ቫይታሚኑ በደንብ ይሠራል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ በቀትር ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች፤ 1.70 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ጥላው 1.08 ሜትር ያህል ነው። በሄልሲንኪ ግን በዚያው ቀን የቀትር ጥላ ከቁመት በስምንት እጥፍ ይበልጣል። ይሁንና አረጋውያኖቻችን የሚወዱት የጠዋቱን ፀሐይ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ወቅት በአዲስ አበባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሰው ጥላ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ከቁመቱ ጋር የሚስተካከለው ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በጠዋት፣ ያውም በጋቢ ተጠቅልሎ፣ የሚሞቀው ፀሐይ ለመገጣጠሚያ ደስ ይላል፤ ለቫይታሚን ዲ ግን ያለው አስተዋጽኦ ትንሽ ነው።

በዚህ ላይ የቆዳ ዕድሜ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ ጥናት ከ77 እስከ 82 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ቆዳ ለተመሳሳይ ጨረር የሚሠራው ቅድመ ቫይታሚን፣ ከ8 እስከ 18 ዓመት ከሆኑት ከግማሽ በታች መሆኑን አሳይቷል። የቆዳ ጥቁረትም ጨረሩን በከፊል ይውጣል። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ባለባት አገራችን ጉድለቱ መገኘቱ ታዲያ ሊያስደንቀን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ በአዳማና አካባቢዋ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከከተማ ልጆች 61.8 በመቶ፣ ከገጠር ልጆች ደግሞ 21.2 በመቶ የሚሆኑት ጉድለት እንዳለባቸው አመልክቷል። እነዚህ ልጆች ናቸው፤ ፀሐዩ አንድ ሲሆን ልዩነቱን ያመጣው ከቤት መዋልና አለመዋል ሊሆን እንደሚችል ለማሰብ ግን ይበቃል። ከቤት የማይወጡ አረጋውያን የት እንደሚመደቡ አንባቢው ይገምት።

ክኒኑስ? በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ጥናት፣ በአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ ይኖሩ የነበሩ በአማካይ 84 ዓመት የሆናቸው 3,270 ሴቶች ከፊሎቹ ካልሲየምና 800 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ለአንድ ዓመት ተኩል ሲሰጣቸው የዳሌ አጥንት ስብራት በ43 በመቶ ቀንሷል። በአሜሪካ ደግሞ 25,871 በአብዛኛው ጤነኛ የሆኑ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ 2,000 ዩኒት በየቀኑ መውሰድ ካንሰርንም (2018)፣ የልብ በሽታንም (2018)፣ የአጥንት ስብራትንም (2022) አልቀነሰም። ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። የፈረንሳይ አዛውንቶች ፀሐይ የማያዩ፣ ክምችታቸው የተሟጠጠ ነበሩ፤ አሜሪካውያኑ በብዛት ሙሉ ኩራዝ የያዙ ናቸው።

መጠኑም የሚሰጥበት ሁኔታ ወሳኝ ነው። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 2,256 ሴቶች ከፊሎቹ በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት እንዲውጡ ተደረገ። ለ365 ሲካፈል በቀን 1,370 ብቻ ነው፤ በአማካይ ሲታይ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ውጤት ግን ክኒኑን የወሰዱት በ15 በመቶ አብዝተው መውደቃቸውን፣ በ26 በመቶ አብዝተው መሰበራቸውን አሳየ። የዓመት ዝናብ በአንድ ሌሊት ቢወርድ አማካዩ አይለወጥም፤ ማሳው ግን አይተርፍም።

ከመዋጡ በፊት

የዓይን ነገርም መጠቀስ አለበት። በእርጅና ምክንያት የዓይን መጋረጃ መሐል እየተጎዳ በሚሄድበትና ማኪዩላር ዲጀነሬሽን በሚባለው በሽታ መካከለኛ ደረጃ ላይ ለደረሱ ሰዎች፣ የተወሰኑ ቫይታሚኖችና ዚንክ የያዘ ክኒን ወደ ከባዱ ደረጃ መሸጋገርን በ25 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ታይቷል። በኋላም በ2013 በወጣ ጥናት ምክንያት ቤታ ካሮቲኑ ወጥቶ በሉቲንና በዚያዛንቲን ተተክቷል። በሽታው ለሌለበት ሰው ግን የተረጋገጠ ጥቅም የለውም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ክኒኖች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነታቸውን ማስመስከር አይጠበቅባቸውም። ስለዚህ «ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ማረጋገጫ ከሚታሰበው በታች ክብደት ያለው ነው። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር መጋጨታቸው ደግሞ በአረጋውያን ላይ የባሰ ነው፤ የሚወስዱት መድኃኒት ብዙ ነውና። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በክኒኑ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንስበታል፤ ክኒኑን አንድ ሳምንት ወስዶ አንድ ሳምንት መተው ደግሞ የባሰ ያዘባርቀዋል። ካልሲየም በብዛት መውሰድ የራሱ ዋጋ አለው፤ በአሜሪካ 36,282 ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የወሰዱት የኩላሊት ጠጠር በ17 በመቶ አብዝቶ ታይቶባቸዋል (2006)። ካልሲየምና ብረት የታይሮይድ መድኃኒት የሆነው ሌቮታይሮክሲን እንዳይመጠጥ ስለሚያግዱ በመካከላቸው ቢያንስ የአራት ሰዓት ልዩነት ሊኖር ይገባል። ቁርስ ላይ ሁሉንም በአንድ ጉንጭ ውኃ የሚውጥ ሰው በየቤቱ አለ። ወደ ሐኪም በሚኬድበት ዕለት ከመድኃኒቶቹ ጋር ብልቃጡም አብሮ ቢሄድ፣ ሐኪሙ ሳይጠየቅ የማያውቀውን ነገር ያያል፤ የቢ12ም ሆነ የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ በዚያው ሊወስን ይችላል።